ቀለም የዘለቀው ራስ

አቶ ወርቁ በሕይወቱ ሳለ የሰው ፊት አይቶ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ሲሞት ደግሞ የራሱ ፊት ተበላሽቶበት ሞተ። የዓይኑ ቆብ አብጦ ዓይኑን ውጦታል። ከንፈሩ ተገልብጧል፤ ግንባሩና ጆሮው ውሃ ቋጥሮ ፈነዳድቷል። ደህና የቀረው ጸጉሩ ብቻ ነው። የስድሳ ሁለት ዓመት ሽበት በአንድ ጠዋት ጠፍቶ እንደ ቁራ ላባ ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

እሑድ ከወይዘሮ ውዴ ጋር ቆርበው ሊጋቡ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ለዚያ ብሎ ጸጉሩን ተቀባ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬሳ ሆነ። ፍልሰታ ሳይገባ ልቸኩል ያለ ሽማግሌ ፍልሰታን ሳያይ ቀረ።

ዋና ሳጅን ደሞዜ አልጋው አጠገብ ቆሞ ብዙ አየው። ደብረ ታቦር ውስጥ ወርቁን የማያውቅ የለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። ደሞዜም ስምንተኛ ክፍል ሳለ፣ በሰልፍ መሐል፣ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት፣ ይኸው ሰው ጆሮውን ይዞ «አንተን ቀለም አይዘልቅህም፤ ሂድ በሬህን ንዳ» ብሎ አባሮታል። ይህን ቃል ለስንት ገበሬ ልጅ እንዳለው እግዜር ይቁጠረው።

ደሞዜ ጎንበስ አለና ከሬሳው ጆሮ ሥር፣ «እርስዎን ግን ዘለቀዎት፣ ጋሼ» አለ።

«ምን አልክ ሳጅን?» አለ ኢንስፔክተር ብርሃኑ ከበሩ። ብርሃኑ ቅዳሜና እሑድ እየተማረ ዲግሪ የያዘ አለቃ ነው። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱም ከዲግሪው ጋር የተሰቀለ ይመስለዋል።

«ነፍስ ይማር ነው ያልኩት፣ ጌታዬ።»

«ነገሩ ግልጽ ነው። ጸጉር ሠሪዋ በመርዝ ቀለም ገድላዋለች። አስሬያታለሁ። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

ደሞዜ የሬሳውን ጆሮ ገለጥ አድርጎ ኋላውን አየ። ፊቱና ግንባሩ እንደዚያ ሲላላጥ፣ ከግራ ጆሮው ጀርባ ምስር የምታህል ቡናማ ምልክት አለች፤ ቆዳዋ ግን ደህና ነው። ቀጥሎ የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ። በቀኝ ክንዱ መታጠፊያ ላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ ቁስል አለ። ቅርፊት ይዟል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። የዛሬ ቁስል አይደለም።

«የወባ ትንኝ ነክሳው ይሆናል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«በጉና ተራራ ብርድ የወባ ትንኝ ከመጣች፣ እሷንም ማሰር ነው።»

የሐኪም ቤቷ ዶክተር በማግሥቱ ጠዋት ነገሩን በአጭሩ ጨረሰችው። «ጥቁር የጸጉር ቀለም ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው። ለብዙ ሰው ምንም አይደለም። ለአንዳንዱ ግን መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፤ ከዚያ ይጣላሉ። የዚህ ሰው ሰውነት ከዚህ በፊት ያውቀዋል። ጉሮሮው አብጦ ነው የታነቀው። ቶሎ ቢያመጡት በአንድ መርፌ ይድን ነበር።»

ደሞዜ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ቶሎ ለምን አላመጡትም?» ብሎ ጻፈ።

*

ጌጤ ጣቢያው ወለል ላይ ካርቶን አንጥፋ ተቀምጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር ስድስት ወር ሙያ ተምራ መጥታ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ሳሎን ከፍታ ነበር። አሁን የሳሎኗን ታፔላ በድንጋይ ሰባብረውታል፤ ቤት አከራዩም ገና ሳይፈረድባት ለዶሮ ነጋዴ ሊያከራየው ተዋውሏል። ትናንት እሷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲስቁ የነበሩ ሴቶች ዛሬ «ዓይኗ ራሱ ገዳይ ይመስላል» እያሉ ነው።

«ጋሼ ደሞዜ፣ እኔ አልገደልኩትም!»

«ገደልሽ አልኩሽ እንዴ? የሠራሽውን ንገሪኝ።»

«ሐሙስ መጣ። ከኔ ቀለም አልገዛም፤ የራሱን ዱቄት በብልቃጥ ይዞ መጣ። ሂና ነው፣ ቅጠል። እኔ መጀመሪያ የመጣን ደንበኛ ጆሮው ጀርባ ትንሽ ነካ አድርጌ፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ካላሳከከው ነው የምቀባ። እንደዚያ ተምሬያለሁ።»

ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እንዲያውም ስም አውጥተውላታል። ጆሮ ጠቢ ማለት የመንግሥት ወሬ አቀባይ አይደል? እሷን «ጆሮ ቀቢዋ» ይሏታል። ለመሳቅ ማን ይቀድማቸዋል!

«ስትፈትኝው ተቆጣ?»

«ኧረ ተሳደበ! ‹ስንት ሺህ ተማሪ የፈተንኩትን ሰውዬ፣ አንቺ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሽው ልትፈትኚኝ?› አለኝ። ግን እሺ አለ። ብልቃጡን ይዞ ቤቱ ሄደ። ቅዳሜ ጆሮውን አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ከዚያው ብልቃጥ በጥብጬ ቀባሁት።»

«የተለየ ነገር አላየሽም?»

ጌጤ አንገቷን ደፋች። «አይቻለሁ። ቅጠሉ ቀለም ለመያዝ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ለዚያውም ቡናማ ሆኖ ነው የሚወጣ። ያን ቀን በግማሽ ሰዓት ድፍን ጥቁር ሆነ። እኔ ሞኟ ዱቄቱ ጥሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለኢንስፔክተሩ ነገርኩት፤ አልጻፈውም።»

«ለምን?»

«‹ቅጠልና ቅጠል ምን ለየው› አለኝ።»

ደሞዜ ጻፈው። ፊደሉ የተንጋደደ ነው፤ ግን የሰማውን አይዘልም።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ይፈርዱብኛል?»

«ማክሰኞ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሠልስቱ ይደርሳል» አላት።

*

እሑድ ከቀብር በኋላ ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድበዋል። እትዬ ወርቅነሽ ጓዳ ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የወርቁ ሟች ሚስት ታላቅ እህት ናቸው፤ እህታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ነበሩ። የእህታቸው ሙት ዓመት ወጥቶ ሳይደርቅ ሌላ ሊያገባ መነሣቱን አልወደዱትም፤ አልወደዱትምና ለሰው ሁሉ ነግረዋል። ኢንስፔክተሩ ጌጤ ካመለጠችው ቀጥሎ እሳቸውን እንደሚያስር ደሞዜ ያውቃል።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎ።»

«ያጥናን። ለሱ ሳይሆን ለእህቴ ነው የማለቅሰው።»

«ክንዱ ላይ የነበረው ቁስል ምንድን ነው?»

«የቁርጥማት መድኃኒት ቀብቶ ነው። ከሳምንት በፊት። አሳከከው፣ ውሃ ቋጠረ። ‹ተወው፣ ጣለው› ስለው፣ ‹በሽታውን እየሳበው ነው ተብያለሁ› አለ።»

«ማን አለው?»

«እኔን አማክሮኝ ያውቃል? የተማረ ሰው አይደል!»

«ከዚህ በፊትስ እንዲህ አብጦ ያውቃል?»

«ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሚያዝያ ላይ ነበር። ያኔ ጥቁሩን ዱቄት ነበር የሚቀባ። ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲዞር ውሎ ፊቱ አበጠ። ምች ነበር። በዳማከሴ አሽተን ሳምንት ተኝቶ ተነሣ። እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጥቁሩን ዱቄት ወስዳ ወንዝ ጣለችው። ‹ሽታው ነው ምቹን የጠራብህ› አለችና ሂናውን አስለመደችው።»

ደሞዜ በልቡ ያቺን የሞተች መሃይም ሴት አከበራት። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳትሄድ፣ ለዳይሬክተሩ ሁለት ዓመት ዕድሜ ሰጥታዋለች።

«ቅዳሜስ? አብጦ ሲመጣ ሐኪም ቤት ለምን አልወሰዳችሁትም?»

የወርቅነሽ እጅ ነጠላቸውን ጨበጠ። «ምች ነው ተባልኩ። ዳማከሴ ጨመቅሁለት።»

«በሐምሌ? ፀሐይ ካየን ስንት ቀናችን ነው?»

«እኔም እንደሱ ብዬ…»

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ተስፋነህ ገባ። የወርቁ የእህት ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ሐዘን ላይ እንኳ ጫማው ያበራል። ወርቅነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ሳጅን፣ አሮጊቷን ለምን ታስጨንቃታለህ?» አለ ተስፋነህ። ደሞዜ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠዋል፤ ግን አንተ ነው የሚለው።

«እርስዎን ልጠይቅ ነው እንግዲህ፣ ዶክተር። ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ኮሌጅ፣ ላቦራቶሪ። ስልኬ ዝግ ነበር። መሞቱን የሰማሁት አመሻሽ ላይ ነው።»

«ዓርብስ እዚህ መጥተው ነበር?»

«የሚዜ ልብሴን ላሳየው። ውዴም ነበረች፣ ሸሚዙን ተኩሳ ይዛ መጥታ። ይህቺም ነበረች። ሦስታችንም ነበርን።» በጣቱ ቆጠራቸው፤ ተማሪ እንደሚቆጥር።

«የሂናው ብልቃጥ የት ይቀመጣል?»

«መስኮቱ ላይ። ማንም ያየዋል።»

«ክንዱ ላይ የተቀባውን ቅባትስ ያውቁታል?»

«ቅባት? ስለምንም ቅባት አላውቅም።»

«ምች ሊሆን ይችላል ይላሉ ሰዎቹ» አለ ደሞዜ እየጻፈ።

ተስፋነህ ሳቀ። «ምች! ምች የሚባል በሽታ በየትኛው መጽሐፍ አለ? የገበሬ ተረት ነው። ይህ ሕዝብ እኮ…» ዓይኑ ደብተሩ ላይ አረፈ። «ምንድን ነው የጻፍከው? ‹ጸሃይ›? ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ነው እንጂ በጸሎቱ ጸ አይደለም። ሐውም ሐመሩ ሐ ነው።»

«እንዲህ ነው?»

«ደግሞ አሳሳትከው። አምጣ!» እስክሪብቶውን ከእጁ ነጥቆ አረመለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር» አለ ደሞዜ። እውነቱን ነው። ከዚያ ቤት ይዞ የወጣው ትልቁ ነገር ያቺ እርማት ናት። ስሕተት አይቶ ዝም ማለት የማይችል ሰው አግኝቷል።

*

ወይዘሮ ውዴ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶባታል፤ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ሰኞ ጠዋት ደሞዜ ሲመጣ ያልለበሰችውን የቁርባን ካባ እያጣጠፈች ነበር።

«የምን ቁርጥማት ቅባት ነው? ለኔ አልነገረኝም። ወንዛዬ ፍል ውሃ ስንሄድ ጉልበቴን አመመኝ ይል ነበር እንጂ።»

«ወንዛዬ ማን ወሰዳችሁ?»

«ተስፋነህ በመኪናው። ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ወንዶቹ ለብቻ ገብተው ታጠቡ። ሲመለሱ ግን ደስ አይሉም ነበር፤ ልጁ እስከ ሐሙሲት ከተማ አንድ ቃል ሳይናገር መኪናውን እንደ እብድ ነዳው።»

«ምን ተባባሉ?»

«አልሰማሁም።» ካባውን አስቀመጠች። «ግን ወርቁ ንስሐ ገብቶ ነበር። የንስሐ አባቱ ‹ሳትክስ አትቆርብም› ብለውታል መሰለኝ። ‹የአንድ ልጅ ግፍ አለብኝ፤ ማሩ የሚባል የአንበሳሜ ልጅ። ከቆረብን በኋላ ሰኞ ለኮሌጁ ወረቀት አስገባለሁ› አለኝ። ኮሌጁን ምን አገናኘው? ጠየቅሁት፤ ‹ስትሰሚ ትንቂኛለሽ› አለኝ።»

«ከዚህ በፊት አብጦ እንደነበር ያውቃሉ?»

«ምኑ?» አለች ውዴ። ዓይኗ ላይ የነበረው ባዶ ነገር ከመሐላ ይበልጥ ነበር።

ደሞዜ ያን ቀን በሚኒባስ አንበሳሜ ሄዶ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ኢንስፔክተሩ የት ነበርክ ሲለው፣ «የድንች ዋጋ ስጠይቅ» አለው። ኢንስፔክተሩም አመነ። ድንች ከደሞዜ ጋር ይሄዳል ብሎ ያምናል።

*

ማክሰኞ፣ ሠልስት። ከቅዳሴ የተመለሰው ዘመድ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲዘግን፣ ደሞዜ የሚፈልጋቸውን ሰዎች ወርቁ የሞተበት ክፍል አስገባ። ወርቅነሽ መደቡ ላይ፣ ውዴ ከመስኮቱ ሥር፣ ተስፋነህ ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ። ጌጤን ሴት ፖሊስ እጇን በካቴና ይዛ አመጣቻት። በሩ አጠገብ ቡልኮ የለበሰ፣ እጁ የተሰነጣጠቀ ሰው ቆሟል፤ ማንም ልብ አላለውም። ኢንስፔክተር ብርሃኑ ሰዓቱን አየ።

«ሳጅን፣ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ነን። ቀልዱን አሳጥረው።»

«አሳጥራለሁ፣ ጌታዬ። ከጌጤ ልጀምር። ጌጤ በሐሙሱ ቀለም ጆሮውን ቀብታዋለች። ምልክቷን ሬሳው ላይ አይቻታለሁ፤ ቆዳው ሰላም ነበር። እንግዲህ የሐሙሱ ብልቃጥ ንጹሕ ሂና ነው። የቅዳሜው ግን በግማሽ ሰዓት ጠቆረ፤ ሂና እንዲህ አያጠቁርም። ስለዚህ ዓርብ ቀን፣ ብልቃጡ እዚህ መስኮት ላይ ሳለ፣ አንድ ሰው ሌላ ዱቄት ቀላቀለበት። ጌጤ ዓርብ እዚህ አልነበረችም። ልትገድለው የፈለገች ሴት ደግሞ ሁለት ቀን ቆይ ብላ አትፈትነውም።»

«ይህን ሁሉ ለኢንስፔክተሩ ነግሬያለሁ» አለች ጌጤ።

«ዝም በይ አንቺ!» አለ ብርሃኑ፤ ፊቱ ግን ቀላ።

«ዓርብ የነበሩት ሦስት ናቸው» አለ ደሞዜ። «ወይዘሮ ውዴ አንድ። ጥቁር ቀለም እንደሚጎዳው የሚያውቅ ሰው ነው የገደለው። ከሁለት ዓመት በፊት ሲያብጥ ወይዘሮ ውዴ በቤቱ ደጃፍ አላለፈችም። አታውቅም።»

ከዚያ ወደ መደቡ ዞረ። «እትዬ ወርቅነሽ ሁለት። እሳቸው ያውቃሉ። ጋብቻውንም ይጠሉታል።»

«ጠልቻለሁ!» አሉ ወርቅነሽ። «አልገደልኩም እንጂ ጠልቻለሁ!»

«አልገደሉም፤ ምክንያቱን እኔ ልንገርዎ። ለእርስዎ ያ በሽታ ምች ነው። ምች ፀሐይ ይፈልጋል። ምች አስመትቶ ሊገድል የፈለገ የጋይንት ሰው ይሁን የደራ፣ ሚያዝያን ይጠብቃል እንጂ ጉና ከነጭጋጉ ከተማው ላይ በተኛበት በሐምሌ አይሞክርም። ቀለሙ በጨለማም እንደሚገድል የሚያውቅ፣ ምች አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው።»

የሁሉም ዓይን ወንበሩ ላይ ሄደ። ተስፋነህ እግሩን አላወረደም።

«ጥሩ ነው» አለ። «ሳጅን ሎጂክ ጀምሯል። ማስረጃህ የታለ?»

«ክንዱ ላይ ነበር፣ ዶክተር። የቀኝ ክንዱ ላይ ያለው ክብ ቁስል ሳምንት ያለፈው ነው። የቁርጥማት መድኃኒት ነው ብሎ አንድ ሰው አስቀባው። ሲያሳክከው ‹በሽታውን እየሳበው ነው› አለው። ይህ መድኃኒት አይደለም፤ ፈተና ነው። ያንኑ የጸጉር ቀለም ኬሚካል ክንዱ ላይ አስቀብቶ፣ የድሮው ጠላትነት አሁንም አለ ወይ ብሎ መፈተን። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ገዳይ አይቻለሁ። የኛ ሰው ሲገድል ይገድላል፤ መጀመሪያ ሞክሮ፣ ውጤት አይቶ፣ ቀጥሎ የሚገድል አላየሁም። ሳይፈትን የማያሳልፍ አስተማሪ ብቻ ነው።»

«ወሬ ነው! ለምን ብዬ አጎቴን እገድላለሁ?»

ደሞዜ በሩ አጠገብ የቆመውን ሰው ጠራው። «ማሩ፣ ቀረብ በል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ ስንት አመጣህ?»

ሰውየው ቡልኮውን አስተካከለ። «ዘጠና አራት።»

«በማን ስም?»

«በሳቸው» አለ ማሩ፣ ተስፋነህን በአገጩ እያሳየ። «ጋሼ ወርቁ ቤት እያደርኩ ነበር የምማር። ‹ለተስፋነህ ተፈተንለት፤ አንተ በሚመጣው ዓመት ትፈተናለህ› አሉኝ። የፈተና መታወቂያውን ጋሼ ወርቁ ፈረሙ። የሚመጣው ዓመት ሲመጣ ‹አንተን ቀለም አይዘልቅህም› ብለው አስወጡኝ። ይኸው ድንች እየኮተኮትኩ ነው። ባለፈው ወር ግን እቤቴ ድረስ መጥተው እግሬ ላይ ወደቁ። ‹ከቆረብኩ በኋላ ሰኞ ለኮሌጁ እውነቱን እጽፋለሁ› አሉኝ።»

«ወንዛዬ ላይ ለዶክተሩም ነገሩት» አለ ደሞዜ። «ሰኞ ሳይደርስ እሑድ ነበረ፤ እሑድ ሳይደርስ ቅዳሜ።»

«ውሸታም ገበሬ!» አለ ተስፋነህ። «ማን ያምነዋል? ቃሉ በቃሌ ላይ ነው። ምንም የላችሁም!»

«አለን እንጂ።» ደሞዜ ከኪሱ ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ክዳኑን ከፈተ። ድፍን ጥቁር ነው። «አጎትዎ ስስታም ስለነበሩ ምንም አይጥሉም። ይኸው፣ ለቁርጥማት ብለው የሰጧቸው ጥቁር ቅባት።»

ተስፋነህ ጎንበስ ብሎ አየ፤ አሸተተ። ከዚያ ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። ክፍል ውስጥ ሰነፍ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት እንደሚሳቀው።

«ሳጅን፣ ሳጅን! ይሄ የጫማ ቀለም ነው! እንኳን ኬሚስት ሊስትሮ ያውቀዋል። ቅባቱ ጥቁር አልነበረም፤ ነጭ ነው! የሚጠቁረው ቆዳ ላይ ውሎ ሲያድር ነው። ጥቁር ቢሆን ኖሮ ‹እርጎ ይመስላል› ብሎ…»

ቆመ።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ።

«‹እርጎ ይመስላል› ብሎ ማን ተቀባው፣ ዶክተር?» አለ ደሞዜ ቀስ ብሎ። «ስለምንም ቅባት አላውቅም ብለውኝ ነበር። ያረሙት ደብተር ላይ ተጽፏል፤ ከ‹ፀሐይ› በላይ ያለው መስመር ላይ።»

ተስፋነህ እግሩን አወረደ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን መሬት ላይ አሳረፈ።

ያኔ ወርቅነሽ ከመደቡ ተነሡ። «እሱ ነው» አሉ። «ቅዳሜ አብጦ ሲገባ ደወልኩለት። የተማረ ነው ብዬ! አንሥቶ አናገረኝ። ‹ምች ነው፣ እንደ ካቻምናው ነው፤ ዳማከሴ ጨምቂለት› አለኝ። ‹ልጄ፣ ፀሐይ እኮ የለም› ስለው ‹ሽታው ብቻ ይበቃል፤ ሐኪም ቤት አትውሰዱት፣ መርፌ ምችን ያባብሳል› አለኝ። ከሞተ በኋላ መጥቶ ስልኬን ወሰደና፣ ‹ብትናገሪ በዳማከሴ ገደለችው ብለው አንቺን ነው የሚያስሩ› አለኝ። ሦስት ቀን አፌን ዘግቼ ይቺን ልጅ አሳሰርኳት።» ጌጤ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ጌጤ በካቴናዋ ደገፈቻቸው።

«ስልኩ ዝግ ነበር ያሉት ቅዳሜ ነው» አለ ደሞዜ። «ቴሌ የሚያውቀውን ዶክተር አይደመስሰውም።»

«ምች የገበሬ ተረት ነው አላልከኝም?» አለች ውዴ፣ ከመስኮቱ ሥር። «ስለ ሕዝቡ ድንቁርና ሦስት ቀን ስትነግረኝ ሰነበትክ። ደግሞ በዚያው ድንቁርና ገደልከው።»

ተስፋነህ ወደሷ አላየም። ማሩን ነበር የሚያየው፤ የተሰነጣጠቁ እጆቹን።

«እኔ አልፌ ነበር» አለ፣ ማንም ያልጠየቀውን። «ብፈተንም እኮ አልፍ ነበር።»

«አልተፈተኑማ» አለ ማሩ።

ኢንስፔክተር ብርሃኑ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ። «እኔም መጀመሪያውኑ ጠርጥሬው ነበር» አለ። የጌጤ ካቴና ተፈትቶ ለዶክተሩ ሲጠልቅለት፣ ትንሽ ጠበበው፤ እጁ ለስላሳ ስለሆነ ግን ገባ።

*

በሳምንቱ የወጣው ሪፖርት «በኢንስፔክተር ብርሃኑ የበሰለ አመራር» ይላል። የደሞዜ ስም ሦስተኛ ገጽ ላይ አለ፤ «ደመዘ» ተብሎ። ደሞዜ አላረመውም። አራሚ ሰው የት እንደሚደርስ አይቷል።

ጌጤ የዶሮ ነጋዴውን አስወጥታ ሳሎኗን ከፈተች። ታፔላዋን የሰበሩት ሴቶች መጀመሪያ ቀን ተሰልፈው መጡ፤ ተራ በተራ ጆሯቸውን ገልጠው እያሳዩ፣ «እኛስ መች ጠረጠርንሽ» እያሉ። እሷም ቀባቻቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ኑ አለቻቸው።

ማሩን ማንም አልካሰውም። ኮሌጁ «ጉዳዩ እየታየ ነው» አለ፤ ድንቹ ግን ጊዜ አይሰጥምና ወደ አንበሳሜ ተመለሰ።

ነሐሴ ሲገባ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ኢንስፔክተር ብርሃኑ ስለ ዲሲፕሊን ረጅም ንግግር አደረገ። ደሞዜ ከጎኑ ቆሞ ነበር። አለቃው አንገቱን ወደ ሰልፉ ሲያዞር፣ ከግራ ጆሮው ጀርባ፣ ምስር የምታህል ቡናማ ምልክት ታየችው።

ደሞዜ ሰላምታውን አጠበቀ። «ሁለት ቀን ይጠብቁ፣ ጌታዬ» አለ፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «መጀመሪያ ይዘልቅዎት እንደሆነ ይታይ።»